ጥሩ ፎቶሽን ላኪልኝ

አሌክሳንድርያ፣ ቨርጂኒያ
መጋቢት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

እናትም እህትም ለሆንሽኝ ለእትዬ እንግዳወርቅ፣

የአምላክ ጥበቃ ካጠገብሽ አይራቅ። ወገብሽ እንዴት ነው? ጆሮሽስ? እኛ ሦስታችንም ደህና ነን፤ ትርንጎ ሥራ ከመብዛቱ በቀር ምንም አልሆነችም። ጆሮሽ ከደከመ ወዲህ ስልኩን ትተን ወደ ወረቀት መመለሳችን እኔን ጠቅሞኛል፤ እጄ እየፈታ ነው። አንቺ የጻፍሽውን ጎረቤትሽ ሂዊ በቴሌግራም ስትልክልኝ፣ ጽሕፈትሽን ሳይ፣ ደብተሬ ላይ ስሜን የጻፍሽልኝ ዘመን ይመጣብኛል።

እትዬ፣ ይሄን ተቀምጠሽ አንብቢው። የልጃችን የሶሊ ነገር ተሳካ! እዚሁ ቨርጂኒያ ያለ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ተቀበላት፤ መቀበል ብቻ ሳይሆን በጉብዝናዋ ስኮላርሺፕ ሰጣት። አራት ዓመት ሙሉ ወጪዋን እነሱ ይችሉታል ማለት ነው። ትርንጎ እልልታዋን ስታቀልጠው የላይኛው ፎቅ ሰውዬ አደጋ መስሎት በር አንኳኳ።

ካሁን በኋላ ቅዳሜና እሁዳችን ተይዟል። ያለፈው ቅዳሜ ውድብሪጅ ያሉ ሐበሾች ዘንድ ዋልን፤ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ ጀርመንታውን። የዩኒቨርሲቲውን ደብዳቤ ይዤ ቤት ለቤት አነብላቸዋለሁ፤ ሽማግሌዎቹ ይመርቋታል፣ ልጆቻቸው ያዩና ይቀናሉ። ሶሊ "ዳድ፣ ሆምወርክ አለኝ" ትላለች። "አሁን ደግሞ የምን ሆምወርክ ነው፣ አለቀ እኮ!" እላታለሁ። ለሃይስኩል ምረቃዋ ሲልቨር ስፕሪንግ አዳራሽ ይዣለሁ፤ ፎቶዋ ያለበት ቲሸርትም ታዟል።

ስለት የተሳልሽላት አንቺ ነሽና አሁኑኑ አድርሺልኝ። በደንብ ይታወጅ፤ ስሟን ከነአባቷ ያንብቡት።

ወንድምሽ ይድነቃቸው ይመኑ


አዲስ አበባ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን
ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለይድነቃቸው፣ ለትርንጎና ለልጄ ለሶሊ፣

እንኳን ለትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ። የፈጣሪ ስም የተመሰገነ ይሁን፤ የሶሊን ነገር ስሰማ ወገቤን ረስቼ ቆምኩ። ሂዊ "እማማ፣ ቀስ" አለችኝ። ምን ቀስ አለ!

ስለቱን አድርሻለሁ። ባለ ዘርፍ ቀይ ጥላ ነው፤ እንኳን ታቦቷ እኔም ብጠለልበት ያምርብኛል። ከነአባቷ ስም ይነበብ ያልከውን ለአለቃው ነገርኳቸው። "እመት እንግዳ፣ እዚህ የምናነበው የክርስትና ስም ነው፤ አባቷን ማርያም ታውቀዋለች" አሉኝ። ያም ሆኖ "በአሜሪካ ላለች ልጃቸው የተሳሉት ደርሶላቸው" ሲባል ሴቱ ሁሉ እልል አለ። እኔ ባልሰማም አፋቸውን አየሁ።

አንድ ነገር ግን ልበልህ፣ እንዳትቀየም። ልጅቷን አታዙራት። የቤት ሥራ አለኝ ካለች አለባት ማለት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ጥላውን ትምህርት ቤት ስትገባ፣ በመስከረም ላደርስ ነበር ሐሳቤ፤ ያስቸኮልከኝ አንተ ነህ። እስቲ ቅዳሜ አንድ ቀን ተኝታ ትዋል፣ ትጥና።

ጤናችሁን ይስጠኝ።

እህትህ እንግዳወርቅ


አሌክሳንድርያ
ሐምሌ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለእትዬ እንግዳወርቅ፣

ክረምቱ እንዴት ይዞሻል? ጣሪያው አላፈሰሰም? ዝም ማለቴ ከሥራ ብዛት ነው፤ ይቅር በይኝ። ምረቃው ደስ በሚል ሁኔታ አለፈ፤ አዳራሹ ሙሉ ነበር፤ ሰው ሁሉ ስለ አንቺ ጠየቀኝ።

አንዲት ነገር ደግሞ አለች። የሶሊ የመጨረሻው ሴሚስተር ግሬድ ወርዷል። ሒሳብ ዲ አምጥታለች፤ ሌሎቹም ከነበሩበት ዝቅ ብለዋል። ለካ ስኮላርሺፑ የተሰጣት እስከ መጨረሻው ውጤቷን እንድትጠብቅ በሚል ግዴታ ኖሯል። ግዴታው ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው ያለው። እኔ በየሰው ቤት ያነበብኩት አንደኛውን ገጽ ነው። አሁን ዩኒቨርሲቲው "ለምን እንደወረደ በጽሑፍ አስረዱን፤ አለዚያ ስኮላርሺፑ ይነሣል" ብሎ ጽፏል። ከተነሣ እኔና ትርንጎ ያለንን ብንሸጥ አንችለውም፤ ልጅቷም አትገባም።

አፍሬያለሁ፣ እትዬ። በአንድ አፌ "የኔ ልጅ" ብዬ በዚያው አፌ ምን ልበል? ሰው የሚያውቅብኝ እየመሰለኝ ቤተ ክርስቲያን ከበሩ አጠገብ ቆሜ ሳያልቅ እወጣለሁ። አደራሽን ለማንም እንዳትነግሪ። ሲልቨር ስፕሪንግ ቢሮ ያለው ንጋቱ፣ የሐበሻውን ታክስና ፎርም ሁሉ የሚሞላው፣ ማመልከቻውን እየጻፈልን ነው። እሱ ያውቅበታል።

ሌላው፣ ጥሩ ፎቶሽን ላኪልኝ። ነጠላ ለብሰሽ፣ ብቻሽን፣ ፊትሽ በደንብ የሚታይበት ይሁን።

ወንድምሽ ይድነቃቸው


አዲስ አበባ
ሐምሌ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለይድነቃቸው፣

ሰላምህ ይብዛልኝ። ከሚያዝያ ወዲህ ሁለት ደብዳቤ ልኬልህ ነበር። ሂዊን "ደረሰው?" ስላት "አይተውታል እማማ፣ ሁለቱ ምልክት ወጥቷል" ትለኛለች። ድሮ ደብዳቤ ሲዘገይ ፖስታ ቤቱን እንራገም ነበር፤ አሁን ማንን ልርገም?

የሶሊን ነገር ሰምቼ አዘንኩ፤ ግን ሰማይ አልተደፋም። ልጅ ይሰንፋል። አንተ ስምንተኛ ክፍል ስትደግም ማንም አልሞተም። ይልቅ የምጠይቅህን መልስልኝ። ሶሊ ራሷ ምን አለች? ለምን ሰነፍሽ ብለህ ቁጭ አድርገህ ጠየቅሃት? ይሄ ንጋቱ የምትለው ሰውስ ምክንያቱ ምንድን ነው ብሎ ነው የሚጽፈው? እሱ የሶሊን ሆድ በምን ያውቀዋል?

ፎቶውን ይኸው። ሰፈር ያለው ፎቶ ቤት ሄጄ ነው የተነሣሁት፤ ሂዊ ፀጉሬን ሠራችኝ፣ የትንሣኤውን ቀሚስ ለበስኩ። ልጁ "ፈገግ ይበሉ" ሲለኝ ጥርሴ ትዝ አለኝና አፌን ገጠምኩ። ግድግዳህ ላይ ልትሰቅለኝ ከሆነ ከቴሌቪዥኑ አርቀህ ስቀለኝ፤ ማታ ማታ ሁሉም እሱን ሲያይ እኔ እቀናለሁ።

ማርያም ትቅደምላችሁ።

እህትህ እንግዳወርቅ


አሌክሳንድርያ
ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ፣

እንደምን አለሽልኝ? ፎቶሽ ደረሰኝ፤ በጣም አምሮብሻል። ሳየው እንባዬ መጣ።

ለአንድ ፎርም ስለሚያስፈልግ ሙሉ ስምሽን እስከ አያት፣ የትውልድ ዘመንሽንም መታወቂያሽ ላይ እንዳለው አድርገሽ ላኪልኝ። የሚቸኩል ነገር ነው። ስለ ሶሊ የጠየቅሽኝን በሰፊው እጽፋለሁ።

ይድነቃቸው


አዲስ አበባ
ሐምሌ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለይድነቃቸው፣

ስሜን ረሳኸው? አባታችን አንድ ነው እኮ። እንግዳወርቅ ይመኑ ድልነሳው። መታወቂያው በ1944 ተወለደች ይላል፤ እናታችን በሕይወት ብትኖር ትከራከረው ነበር።

የአሜሪካ ፎርም ስለኔ ልደት ምን ቸገረው? ሂዊ "የቪዛ ነው የሚሆነው፣ ለሶሊ ትምህርት መክፈቻ ሊወስዱዎት ነው" ትላለች። ዝም በይ አልኳት። ግን ከመሬት ተነሥቼ ድመቷን ማን ያበላታል እያልኩ ሳስብ ራሴን ያዝኩት። እንደዚያ ከሆነ ቀደም ብለህ ንገረኝ፤ ሰው ሻንጣ ያዘጋጃል።

እህትህ


አዲስ አበባ
ሐምሌ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድነቃቸው፣

መልስህን ጠብቄ ነበር፤ መልሱን ሌላ ሰው ይዞልኝ መጣ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ጓሮ ልብስ ሳነሣ ሂዊ መጥታ "በር እየተንኳኳ ነው" አለችኝ። ከፈትኩ። ሦስት ሴቶች፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ዓይናቸው ቀልቷል። ከፊት ያለችው እድሜዋ እንደኔ ነው። ጮክ ብላ ስለምታወራ ሰማኋት።

"የወይዘሮ እንግዳወርቅ ቤት ነው?"

"አዎ፣ ነው።"

አንገቴ ላይ ተጠመጠመችና አለቀሰች። "እግዚአብሔር ያጥናችሁ። ዘግይተን ነው የሰማነው፣ ይቅር በሉን። አንቺ ምኗ ነሽ?"

ምኗ ነሽ! እስቲ አንተ ብትሆን ምን ትላለህ?

"እኔ ራሴ ነኝ" አልኳት።

ሴትዮዋ ደጃፉ ላይ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ውሃ ሰጠናት። እኔን ሊያጽናኑ መጥተው እኔ አጽናናኋቸው። ቀና ስትል ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። የኔ ፎቶ ነው። የትንሣኤው ቀሚስ፣ የሂዊ ሹሩባ፣ የተገጠመው አፌ። ከላይ መስቀል፣ ከታች ሙሉ ስሜ እስከ አያት፣ "ነፍስ ይማር"። በሚያዝያ ወር አርፌያለሁ ይላል።

የመጣችው የንጋቱ እናት ናት። ልጇ ነው ደውሎ "የወዳጄ እህት አርፋለች፣ ቤተሰቡን ድረሽልኝ" ያላት። አንዷ ከሴቶቹ "አይዞዎት፣ ሞተ የተባለ ሰው ዕድሜው ይረዝማል" አለችኝ። ሂዊ ግን ጓዳ ገብታ ታለቅስ ነበር። ቪዛ ነው ብላ ስላስጎመጀችኝ ነው።

ምን አድርገህ ነው ይሄ የሆነው? ቁልጭ አድርገህ ጻፍልኝ።

እንግዳወርቅ


አሌክሳንድርያ
ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ እንግዳወርቅ፣

እንዴት ብዬ ሰላም እንደምልሽ አላውቅም፤ ሰላም ልልሽ የሚገባኝ ሰው አይደለሁም።

እውነቱ ይሄ ነው። ንጋቱ ቢሮ ስንቀመጥ "ምክንያት ያስፈልጋል፤ ሕመም ወይም ሐዘን ካለ ይቀበላሉ። ቤታችሁ በጸደይ ሐዘን ነበረ?" አለኝ። ልጄ ሰነፈች ብዬ በሱ ፊት መናገር አቃተኝ። እሱ ራሱ የምረቃው ቀን ፎቶዋ ያለበትን ቲሸርት ለብሶ የጨፈረ ሰው ነው። "አዎ" አልኩ። "ማን ሞተባችሁ?" አለኝ። "እህቴ" አልኩ። ለምን አንቺን እንደጠራሁ ታውቂያለሽ? ብትሞቺ በእርግጥ ቤቴ የሚፈርሰው ባንቺ ብቻ ስለሆነ ነው። ውሸቴ እውነት እንዲመስል የምወደውን ሰው መረጥኩ።

ንጋቱ ራሱን ያዘ። "ሳትነግረን ለብቻህ ሐዘን ተቀመጥክ?" አለኝ። ከዚያ ማመልከቻው ላይ ጻፈው። ምናልባት ማስረጃ ቢጠይቁ ብሎ ፎቶና ሙሉ ስም አምጣ አለኝ፤ እኔም አንቺን ጠየቅኩሽ። ለንጋቱ ሐዘን ነግሬ ዝም ይላል ማለቴ ነው ሞኝነቴ፤ ፎቶሽን የሐዘን መግለጫ አድርጎ ለሰው ሁሉ ላከው። የኛ ሰው ለቅሶ ሰምቶ ሳይደርስ ያድራል?

እሁድ ዕለት በር ተንኳኳ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የጽዋ ማኅበራችን በሙሉ፣ ከውድብሪጅም ከጀርመንታውንም የመጣ አለ፤ ውሃ፣ ለስላሳ፣ በትሪ የተሸፈነ ምግብ ይዘዋል። ሶሊን ያሳየኋቸው ቤቶች ናቸው። እነሱ ናቸው ይቅርታ የጠየቁኝ! "ሳናውቅ ምረቃ ጨፈርን፣ አንተ ሐዘንህን በሆድህ ይዘህ አስተናገድከን" እያሉ። ዕድሜሽን፣ ደግነትሽን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። አለቀስኩም፣ እትዬ። እንባው የእውነት ነበር፤ እሱ ነው የሚያሳፍረኝ።

ትርንጎ ከሥራ ስትገባ ቤቱ ጥቁር በጥቁር ሆኖ ጠበቃት። "ማን ነው? ማን ነው?" ብላ ጮኸች። አንዷ ስምሽን ስትነግራት ወደቀች። ማድቤት ወስጄ በጆሮዋ ነገርኳት። ፊቷን ታጥባ ወጣችና ሻይ ቀዳች። ከዚያ ቀን ወዲህ ምግብ ታቀርብልኛለች፣ ቃል ግን አታቀርብልኝም።

ሶሊ መጨረሻ መጣች። ማመልከቻው ላይ ምን እንዳለ አታውቅም ነበር። ያን ጠዋት የአንቺን ድመት ፎቶ ሂዊ ልካላት እየሳቀች ነው የወጣችው። በሩ ላይ ቆማ "ዳድ፣ ዋት ኢዝ ዚስ?" አለችኝ። "ዝም ብለሽ ተቀመጪ" አልኳት። ተቀመጠች። አሮጊቶቹ አንድ በአንድ እየሳሙ "አክስትሽን ነፍሷን ይማር" ሲሏት "አሜን" አለች። አሜን ስትል ዓይኗ እኔ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ልጄን ቀና ብዬ አላየኋትም።

የምታዢኝን ንገሪኝ። ማመልከቻው ተልኳል፤ መልሱ ገና ነው።

ይድነቃቸው


አዲስ አበባ
ነሐሴ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለይድነቃቸው፣

የፍልሰታ ጾም ላይ ስለሆንኩ ምላሴን ይዣለሁ። ያዝኩት እንግዲህ።

መሞቴ አልቆረቆረኝም። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ሞተ ቢባል ማን ይደነግጣል? የቆረቆረኝ ፎቶው ነው። አምሬ ልታይህ ብዬ የተነሣሁትን። ሻንጣውም ነው። ከቁም ሳጥን ላይ አውርጄ አቧራውን ጠርጌው ነበር፤ ይሄን ለሂዊም አልነገርኳት።

ከሁሉ ደግሞ አንድ ነገር እንቅልፍ ይነሣኛል። እኔ በእውነት የሞትኩ ዕለት ማን ያምንሃል? ለቅሶዬን አስቀድመህ ተጠቀምክበት። ያን ቀን "እህቴ ሞተች" ስትል ሰው ይሳሳቅብሃል። አንተ ልጄ ነህ፤ ብቻህን ስታለቅስ ይታየኛል። እኔ ተነሥቼ አላጽናናህ ነገር!

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ። ያንተ ግን ስላደረ ከበደ። ስለዚህ ሁለት ነገር አድርግ። አንደኛ፣ ማመልከቻውን አስመልሱ፤ ሶሊ ራሷ፣ በራሷ ቃል ለምን እንደሰነፈች ትጻፍ። ውጤቱ የሷ ነው፣ ሀፍረቱንም እሷ ትሸከመው፤ ያንተን ግን አታሸክማት። ሁለተኛ፣ ያስለቀስካቸውን ሰዎች ፊት ለፊት ቆመህ "አለች" በላቸው። በስልክ አይደለም። ደብዳቤዋን እየዞርክ እንዳነበብክላቸው ሁሉ።

እስከዚያ አትጻፍልኝ።

እንግዳወርቅ


አሌክሳንድርያ
ነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእናት እህቴ ለእትዬ እንግዳወርቅ፣

ያዘዝሽኝን ፈጽሜ መጻፌ ነው። እግዚአብሔር ዕድሜሽን ያርዝመው፤ ይሄን ምርቃት ካሁን በኋላ በቀልድ አልለውም።

መጀመሪያ ሶሊን ጠየቅኳት። በሐምሌ የነገርሽኝን በነሐሴ አደረግኩት። "ለምን ሰነፍሽ?" አልኳት። "ደክሞኝ ነበር ዳድ። ቅዳሜ ድራይቭ፣ ሰንደይ ድራይቭ። 'አለቀ' አልከኝ፣ እኔም አለቀ ብዬ አመንኩ። ከዚያ ወደ ደብተሬ ባክ ስል ማቱ፣ ሒሳቡ፣ ራቀኝ፣ ልጠይቅ አፈርኩ። ኤቭሪባዲ ጂኒየስ እያለኝ እንዴት ልጠይቅ?" አለችኝ። ይሄንኑ ጻፈች። አባቴ አዞረኝ የሚለውን ግን አላስገባችውም፤ "የሱን ስም አላነሣም፣ የሰነፍኩት እኔ ነኝ" አለች።

ደብዳቤውን ከመላኳ በፊት ዩኒቨርሲቲው ቢሮ ራሷ ደወለች። ስፒከር ላይ አድርጋ እኔን አጠገቧ አስቀመጠችኝ። "በፊት የላክነው ውሸት ነው። አክስቴ በሕይወት አለች። ውጤቴ የወረደው ስለሰነፍኩ ነው" አለች።  ቢሮው ያለችው ሴትዮ የመለሰችላትን ዕድሜ ልኬን አልረሳውም። "ብዙ ተማሪ መጨረሻ ላይ ይሰንፋል። እንደዚህ ብለው ሲጽፉልን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሴሚስተር እንታገሣለን" አለቻት።

እንታገሣለን! ከመጀመሪያው እውነቱን ጽፈን ቢሆን ልጄ አሁን ዶርም ውስጥ ነበረች።

መልሱ ባለፈው ሳምንት መጣ። ስኮላርሺፑ ተነሥቷል። የግሬዱን ይቅር ሊሉት ይችሉ ነበር፤ የሞተ ሰው ፈጥሮ ማቅረቡን ግን ዝም ብለው ሊያልፉት አልቻሉም። ሌላ ቦታ አንድ ዓመት ተምራ ጥሩ ውጤት ካመጣች እንደገና ማመልከት ትችላለች፤ ቃል ግን አይገቡም። ሶሊ እዚሁ አጠገባችን ያለው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተመዝግባ ትምህርት ጀምራለች፤ በአውቶቡስ ነው የምትሄደው። ላድርስሽ ስላት "ኖ ዳድ፣ አይ ጋት ኢት፣ ራሴ እችላለሁ" ትለኛለች። የሷን ስንፍና ይቅር የሚል ነበረ፤ የኔን ኩራት ነው ማንም ይቅር ያላለው።

እሁድ ሲልቨር ስፕሪንግ ማኅበሩ ተሰብስቦ ነበር። ጸሎቱ አልቆ ጽዋው ሳይዞር ተነሣሁ። ትርንጎ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። "እህቴ አልሞተችም። ለልጄ ትምህርት ስል ዋሽቼ ነው። አስለቀስኳችሁ፣ ምግብ አስደገስኳችሁ፣ ይቅር በሉኝ" አልኩ።  አንዲት ሴት ሳቀች፤ ወዲያው አፏን ያዘች። አንዱ "እኔ እኮ ከሥራ ቀርቼ ነው የመጣሁት" አለ። ንጋቱ ጃኬቱን አንሥቶ ወጣ። ማመልከቻው ላይ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ ብሎ የፈረመው እሱ ነው፤ እናቱንም አንቺ ደጅ አስቀምጫታለሁ። ቢሮው ሁለቴ ሄጄ ነበር፤ ሰው አለብኝ እያለ መለሰኝ። አሁንም እሄዳለሁ።

የማኅበሩ ሙሴ፣ ሰብሳቢያችን ማለት ነው፣ ጋሽ ንጉሡ ናቸው፤ ሐበሻ እዚህ ገና ሳይበዛ ጀምሮ አንድም ለቅሶ ያልቀረባቸው ሽማግሌ። ሁሉም እሳቸውን አየ።  "ተቀመጥ ልጄ" አሉኝ። "የዚያን ዕለቱን ለቅሶ ላንተ ነው የመጣነው እንበል፤ አንተም ጠፍተህ ነበርና። የእህትህ ቀን ሲደርስ ደግሞ እንመጣለን።"

እትዬ፣ ያኔ ነው በእውነት ያለቀስኩት። በእውነት የሞትኩ ዕለት ማን ያምንሃል ብለሽ የጻፍሽልኝን ለማንም አላነበብኩም ነበር።

ሶሊ ከታች የጻፈችልሽ አለ፤ ፊደሏን አትሳቂባት።

ያፈረው ወንድምሽ ይድነቃቸው

አክስቴ እንግዳወርቅ፣ እንደምን አሉ? አሜን ስላልኩ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ድመቷን ሳሙልኝ። ሶሊ።


አዲስ አበባ
ነሐሴ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለይድነቃቸው፣ ለትርንጎ፣ ለልጄ ለሶሊ፣

ክረምቱን አስፈጽሞ ለመስከረም ያድርሰን። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ የሶሊን ግን ሂዊ ወረቀት ላይ አሳትማልኝ ትራሴ ሥር ነው ያለው። "ሳሙልኝ" የሚለውን ፈጽሜያለሁ፤ ድመቷ አልወደደችውም።

ስኮላርሺፑ በመሄዱ አዝኛለሁ፤ አላዘንኩም ብል እኔም ዋሸሁ ማለት ነው። ሰፈሩ ሁሉ "ልጅቱ ገባች?" ይለኛል። "ሰንፋ ነበር፣ አሁን በአውቶቡስ ትማራለች" እላቸዋለሁ። የመጀመሪያ ቀን ከበደኝ፤ ከዚያ ለመድኩት። አለቃው ስለ ጥላው ጠየቁኝ። አልመልሰውም አልኳቸው፤ ስለቱ ለልጅቷ ነበር፣ ልጅቷ ደግሞ አለች።

የንጋቱ እናት ቡና ልትጠጣ ትመጣለች፤ ደጃፌ ላይ ያለውን ድንጋይ የኔ ነው ብላ ይዛዋለች። ለልጇ እኔ እነግርልሃለሁ ብላኛለች፣ እምቢ አልኳት። እሱን ራስህ ሄደህ ጠብቀው፤ ሰው አለብኝ ካለህ ሰውየው እስኪወጣ ተቀመጥ። ለትርንጎ ደግሞ ምግብ አንተ አቅርብላት።

ያን ፎቶ ከሰው ስልክ ሁሉ አስጠፋልኝ። ሌላ ላኪልኝ ብትለኝም አልልክም። ሶሊ ያንን ትምህርት ጨርሳ በምትመረቅበት ጊዜ እነሣለሁ፤ ጥርሴንም አልገጥምም። እስከዚያ ቀኗ ሲደርስ እንመጣለን ላሉት ለጋሽ ንጉሡ ከከበረ ሰላምታ ጋር ንገርልኝ፤ አልቸኩልም።

እህትህ እንግዳወርቅ